ጋሼ ሳይጻፍ አይሰሙም ነበር

ከኪዳን ስመለስ እህቴ ደወለች። «ጋሼ አረፉ» ብላ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ምንም ሳልጠይቃት ስልኩ ተዘጋ። ያለሁት አሶሳ ነውና ለአጎታችን ቀብር አልደረስኩም።

ነፍሳቸውን ይማርልንና፣ ጋሼ ተቆጥቶ የመጣን ሰው ቶሎ አይሰሙም ነበር። አንድ ቀን ሀና ማርያም ቤታቸው ገብቼ፣ «እህቴ ቤት ሁለተኛ አልረግጥም!» ስል ወረቀት ሰጡኝ።

«አፍሽ ይሮጣል። ጽፈሽ አንብቢልኝ።»

ሦስተኛው መስመር ላይ እጄ ቆመ። ለካ ስትወልድ ሄጄ ያልጠየቅኋት እኔው ነኝ!

«ምነው እቴ፣ ቀለም አለቀ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ የሚጠራልኝ ስጽፍ ነው። አሁን ግን ጽፌ ለማን ላንብብ?

አጠገባቸው የነበራችሁ ሆይ፣ በስልክ ከሆነ ተላቅሰን እንዘጋዋለን። እባካችሁ፣ በመጨረሻ ያሉትን ሳታሳምሩ ጻፉልኝ።