በቁሙ የተለቀሰለት ሊቀመንበር

ወለተጻድቅ በሙሽርነት ከመርሐቤቴ ወደ ኮልፌ ስትመጣ ከድምፅዋ ሌላ ይዛው የመጣችው ሀብት አልነበረም። አልቃሽ ናት። ለቅሶ ቤት ገብታ የሟቹን ጫማ አንድ ጊዜ ካየች ይበቃታል። ቁጡ ነበር ወይስ ቸር፣ ቸኩሎ ይራመድ ነበር ወይስ ተጎትቶ፣ ከተረከዙ አበላል ታነበዋለች። እንዴት ሰው ከጫማ ይታወቃል? እሷ ግን ታውቃለች፤ ግጥሙም ተከትሎ ይፈልቅላታል፤ ያልተዛመደው ሰው ሳይቀር ደረቱን ይደቃል።

ጎረቤቷ ዘይነባ፣ ኮልፌ ገበያ ጨርቅ የምትነግደው፣ በዚህ ትቀልድባት ነበር።

«እኔ ስሞት አደራሽን ዝም በይ። በእኛ ሙሾ የለም።»

«አንቺማ ከደንበኛ ጋር ስትከራከሪ መሞትሽንም አታውቂው!»

ሳቁ የቆመው በ1970 ዓ.ም. ነው። አንድያ ልጇ ቀለመወርቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ከጦር ኃይሎች ሰፈር ወዲህ መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ወለተጻድቅ አፏን ከመክፈቷ በፊት የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ደጃፏ ላይ ቆመ።

«አንቺ ሴትዮ! ለፀረ አብዮት አይለቀስም። አንድ ድምፅ ብሰማ ቤትሽን አሽገዋለሁ።»

ነጠላዋን ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ከዚያ ቀን በኋላ በማንም ለቅሶ ላይ ሙሾ አላወጣችም። ሲለምኗት «ለልጄ ያልወጣ ድምፅ ለማን ይወጣል?» ትላለች። ሰብስቤ የሚኖረው ከእሷ ሦስት አጥር ዘልሎ ነው። ጠዋት ሲያልፍ አንገቷን ደፍታ «እንደምን አደሩ» ትለዋለች፤ ዓይኗ ግን ጫማው ላይ ነው። ቀኝ ተረከዙ ወደ ውጭ ይበላል። ሰውን እየረገጠ የሚሄድ፣ መሬቱን ግን የሚፈራ ሰው አረማመድ ነው አለች በልቧ። ይህን ይዛ አስቀመጠች።

ያኔ በኮልፌ ሰማይ ላይ የሚያልፍ አንድ ግዙፍ የመንገደኞች አውሮፕላን ነበር። የአንድ ወዳጅ አገር አየር መንገድ ነው። ቦሌ ለማረፍ ዝቅ ሲል ቆርቆሮው ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ሕፃናት እየጮኹ ይሮጣሉ። ሰፈሩ «ዝሆኑ» ይለው ነበር። እንዲያ ያለ ቤት የሚያህል ብረት አየር ላይ መቆሙ! ከዚያ በድንገት ቀረ። አየር መንገዱ ግዙፎቹን አውሮፕላኖች በሙሉ አቆማቸው ተባለ። አንዱ ነዳጅ ተወዶ ነው ይላል፤ ሌላው ሆዳቸው ተሰንጥቆ ነው ይላል። ኮልፌ የሁለተኛውን አመነ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1972 ጥቅምት፣ ግዙፎቹ ወደ አገልግሎት መመለሳቸውን ሬዲዮ ተናገረ። በመጀመሪያው በረራ ለልምድ ልውውጥ ከሚሄዱት መካከል ሰብስቤ አንዱ ሆነ። አዲስ ሙሉ ልብስ አሰፋ። «ዝሆኑን እጋልበዋለሁ» እያለ በ18 ማዞሪያ ሲንጎራደድ ሰነበተ።

የቀበሌው ኪነት ኃላፊ ወንድይፍራው የፒያሳ ልጅ ነው፤ ሰፈሩን ገና አልለመደም። የሽኝት ግጥም ጻፈና ጥሩ ድምፅ ያላት ሴት ጠየቀ። ሁሉም ወደ ወለተጻድቅ ጠቆሙት። ምን ስታዜም እንደኖረች ግን ማንም አልነገረውም።

«እማማ፣ ለጓድ ሰብስቤ ሽኝት ያዜሙልናል?»

«ግጥሙን አንብብልኝ፤ ቃል አላጎድልም» አለችው።

ዘይነባ ይህን ስትሰማ ጨርቋን ጥላ መጣች። «ለእሱ? አንቺ? ምን ነካሽ?»

«እዘፍንለታለሁ።»

«አላህ ያሳይሽ! እኔ አፍሬልሻለሁ።»

ወለተጻድቅ ሁለት ዓመት ያመቀችውን ለአንድ ጎረቤት ነግራ ማባከን አልፈለገችም።

የሽኝቱ ቀን ከቀበሌው አዳራሽ ፊት ሕዝቡ ተሰለፈ። ሰብስቤ መድረኩ ላይ ቆሟል፤ መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀዋል። ወለተጻድቅ ወጣች። ጫማውን አየች፤ ከዚያ ዓይኑን። ጀመረች።

«ጓዳችን ሰብስቤ በሰላም ሂድልን፣
የኮልፌን ሰላምታ ለዓለም አድርስልን።»

ቃሉ የወንድይፍራው ነው። ዜማው ግን የሙሾ ነው። «ሰብስቤ»ን ስባ፣ አንቀጥቅጣ፣ ሬሳ እንደሚወጣበት ሰዓት ለቀቀችው። ከዚያ ከኋላ የቆሙት አሮጊቶች፣ ያደጉበት ልማድ ነውና፣ ሳያስቡት «ዋይ! ዋይ!» ብለው ተቀበሏት። እጃቸው ደረታቸው ላይ አረፈ። አንዷ አለቀሰች፤ ሌላዋ ተከተለች። የየቤቱ የታፈነ እንባ በር አገኘ።

«በግዙፉ አውሮፕላን ደመናን ሲሰነጥቅ፣
ስሙ በዓለም ላይ እንደ ፀሐይ ይድመቅ።»

ይህን ስትል ዝሆኑ ሊያርፍ በላያቸው መጣ። ጥላው አደባባዩን ከዳር እስከ ዳር አለፈበት፤ የአዳራሹ ቆርቆሮ ተንጫጫ። ሰብስቤ ቀና ብሎ ነጩን ሆድ አየ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

«አቁሚ! አቁሚ ብያለሁ! ምንድነው የምታደርጊው?»

«ምን አጠፋሁ፣ ጓድ ሊቀመንበር? የተጻፈልኝን ነው» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «አንዲት ቃል ከጨመርኩ ወንድይፍራው ይመስክርብኝ።»

ወንድይፍራው ላቡ እየወረደ «ቃሉስ... የእኔ ነው» አለ።

በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ምን ብሎ ይከሳል? አወደሱኝ ብሎ? ሰብስቤ ወደ መኪናው ሄደ፤ በሩን ከፈተ፤ እንደገና ዘጋው። ሆዴን አመመኝ አለ። ሻንጣውን እንኳ ሳያነሣ ወደ ቤቱ ገባ። ዝሆኑ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያለ እሱ ተነሣ፤ ኮልፌ ሁሉ ቆሞ ተመለከተው።

ወለተጻድቅ ግን አልጠገበችም። ደጃፏ ላይ የቀለመወርቅን ሸሚዝ ዘረጋች። አሁን በራሷ ግጥም፣ በልጇ ስም፣ ከሦስት አጥር ወዲያ በሚሰማ ድምፅ ሙሾ አወጣች። ሴቶቹ ጎረፉ። ዘይነባም መጥታ ያለ ድምፅ አጠገቧ ተቀመጠች።

አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «ማን ሞቶ ነው?»

«ቀለመወርቅ» አለችው ዘይነባ።

«ያ እኮ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው!»

«እና ምን ይሁን? ለለቅሶውም ቀጠሮ ይዘህበት ነበር? ሂድ፣ አለቃህን ጠይቅ።»

ሄደ። የሰብስቤ መስኮት ተዘግቷል። ጥቂት ቆይቶ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«ጓድ ሊቀመንበር ተኝተዋል። ብርድ ልብስ ለብሰው... እባካችሁ ድምፅ ቀንሱ ብለዋል።»

«እባካችሁ አለ?» አለች ወለተጻድቅ። ተነሣች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረች፣ ፊቷን ወደ ሰብስቤ መስኮት አዞረች፣ ድምፅዋንም ከፍ አደረገችው።