ያላረፈ ጨርቅ

ልብስ ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም፤ ሁሉም «እፎይ» ነው የሚላት። ከጥጥና ከላስቲክ የተሠራ የካናቴራ ጨርቅ ከጥቅሉ እንደተፈታ አይቆረጥም። ተወጥሮ የከረመ ስለሆነ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እስከ ማግስቱ ካላረፈ፣ ከተቆረጠ በኋላ ተሰብስቦ ይጠባል። አዲስ ቆራጭ ሲቸኩል ታዲያ «ተው አንተ፣ መጀመሪያ እፎይ ይበል!» ትላለች። ስሙም ከዚያ ወጣላት።

ጥጥ ብቻውን ሞኝ ነው ትል ነበር፤ ከሳቡት እንደተሳበ ይቀራል። ላስቲክ ጣል ሲደረግበት ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ያ በር የሚሞላ ትከሻ የነበረው ባሏ ታሞ መክሳት ሲጀምርም በዚሁ ተጽናናች። ዕድሜ ልኩን ሸክም ያጎበጠው ሰው ነው፣ ትንሽ ካረፈ ይመለሳል አለች። ከሐኪሙ አፍ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣም፤ እሷው ናት ያለችው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጎረቤቷ ደወለችላት።

«ባልሽ እህል አልቀምስም ብሏል። ኧረ ቶሎ ነይ!»

አለቃው ደግሞ የያዘችውን ሳትጨርስ ንቅንቅ እንዳትል አዘዛት። የምትቆርጠው ጥቅል የተፈታው ገና ጠዋት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል መባሉን አጥታው አይደለም። ግን ልቧ ቤት ነበር፤ እፎይ ጨርቁን ሳታሳርፍ ቆረጠችው። ቤት ስትደርስ ባሏ ከእጇ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ተቀበለላት።

ካናቴራዎቹ ተሰፍተው ሲያልቁ የትልቅ ሰው ልብስ የልጅ ሆኖ ቁጭ አለ። አለቃው አልጮኸባትም።

«ሌላው ቢያደርገው አይገርመኝም፣ አንቺ?» ብሎ ከሥራ አሰናበታት። ከተበላሹት አንዱን ውሰጂ ቢላት፣ ምን ሊረባኝ እያለች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቤት ስትገባ ባሏን ላብ አጥምቆታል። የታጠበው ልብስ ገና አልደረቀም፤ ያንኑ ካናቴራ አውጥታ አለበሰችው። ምንም ሳይይዘው ገባ። እንዲያውም ደረቱ ላይ ሰፋ።

«ደስ ይላል» አለ በደከመ ድምፅ። «በልኬ ነው ያሰፋሽልኝ?»

«አዎ፣ በልክህ ነው።»

ከጎኑ የተረፈውን ጨርቅ በጣቶቿ ሳብ አድርጋ ለቀቀችው፤ ጨርቁ ተመለሰ። እሱ እንደማይመለስ ያን ጊዜ አወቀች። ከሥራ መባረሯንም ሳትነግረው ትራሱን አስተካከለችለት።