ሰይፈሥላሴ የጠራው ለቅሶ

ጋሽ ሰይፈሥላሴ ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ለንደን፣ ኬኒንግተን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰፈሩ አስተዳደር ካውንስል በሰጠው ፍላት ብቻውን ይኖራል። ጎረቤቶቹ የሚያውቁት ጡረታ የወጣ ልብስ ተኳሽ መሆኑን ነው። እውነትም ሃያ ዘጠኝ ዓመት ላውንድሪ ቤት ሸሚዝ ሲተኩስ ኖሯል። ሥራህ ምን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ዓይኑን ሳያሽ "ፕሮዱሰር" ይላችኋል። ታላቄ ቢሆንም አንተ ነው የምለው። "ፕሮዱሰሩን አንቱ የሚል የፊልም ሠራተኛ የትም አገር የለም" ብሎ የከለከለን ራሱ ነው።

ይህን ፕሮዱሰርነት ያመጣብን አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ከሰፈሩ ላይብረሪ ተውሶት አልመለሰም። ሆሊውድን ስለጀመሩት ሰዎች የሚያወራ ነው። ከምሥራቅ አውሮፓ በድህነት ተሰደው አሜሪካ ገብተው፣ ጓንትና የፀጉር ካፖርት ሲሸጡ ቆይተው ባንድ ጊዜ የፊልም ጌታ ስለሆኑ ሰዎች። ጋሽ ሰይፈ ይህን ካነበበ በኋላ ሰላም አልሰጠንም። "እነሱ ጓንት ሸጡ፣ እኔ ሸሚዝ ተኮስኩ፤ ልዩነታችን ምንድነው?" ይላል። ልዩነቱን ልንነግረው ስንጀምር ደግሞ አይሰማም። "ፕሮዱሰር ማለት ኪሱ ባዶ ሆኖ ሰው መሰብሰብ የሚችል ነው" ይለን ነበር። እኔም በሃያ ስድስት ዓመቴ ይህን አምኜ፣ በመጥረጊያ እንጨት ላይ የታሰረ ማይክ ተሸክሜ እሁድ እሁድ ስከተለው ከረምኩ።

መጀመሪያ ሠርግና ክርስትና ቀረፀ። ከዚያ በፈረንጆቹ ዘጠና ስምንት ትልቁን ፊልም ጀመረ። ታሪኩን የጻፈው ራሱ ነው። አንዲት ልጅ ለንደን ትመጣለች፤ ለቤተሰቧ ደህና ነኝ እያለች በውሸት ትጽፋለች፤ አንድ ቀን ብቻዋን ትሞታለች። በቁሟ ዞር ብሎ ያላያት ሐበሻ ሁሉ ለለቅሶዋ ይሰበሰባል። ልጅቱን ሆና የሠራችው ሐረገወይን ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር፣ እንደሷ ሳቂታ ሰው አላየሁም።

ችግሩ ለቅሶው ላይ መጣ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስፈልጋል። ማስታወቂያ ለጥፈን ሁለት እሁድ ጠበቅን፤ ስድስት ሰው መጣ፣ ሦስቱ ምግብ አለ ወይ ብለው ጠይቀው ተመለሱ። ጋሽ ሰይፈ አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስብ ሰነበተና እንዲህ አለኝ፦ "ሐበሻን ለፊልም ስትጠራው ሥራ አለኝ ይልሃል። ለቅሶ ነው ስትለው ሥራውን ጥሎ ይመጣል።"

ያኔ እጁን መያዝ ነበረብኝ። አልያዝኩም። እንዲያውም አሥራ አንድ ቤት የደወልኩት እኔ ነኝ። "ሐረገወይን የምትባል ልጅ አርፋለች። እዚህ ዘመድ የላትም፣ እናቷ አዲስ አበባ ናቸው" አልኩ። ሰው ስሟን እንኳ በደንብ ሳይጠይቅ የአዳራሹን አድራሻ ጻፈ።

መጡ። ወንበሩ ሞልቶ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ፎቶዋን ፊት ለፊት አስቀምጠናል። ካሜራው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። ካሚል የሚባል የሚኒካብ ታክሲ ነጂ፣ ልጅቱን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ፣ ሁለት ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ገብቶ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እማማ አልታየሽ ሙሾ አወጡ። እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ አምቀው የያዙትን ሁሉ በዚያች ፎቶ ላይ አለቀሱት። ሐረገወይን ከኋላ ኪችን ውስጥ ተደብቃ በበሩ ስንጥቅ ታያለች። መጀመሪያ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ቆይታ እንባዋ መጣ። "ለካ ብሞት ሰው አለኝ" አለችኝ።

ጋሽ ሰይፈ ወጥቶ እውነቱን ሲናገር አንድ ሽማግሌ ረገሙት። ሌሎቹ ሐረገወይንን በሕይወት ሲያዩዋት እየዳሰሷት ሳቁ፣ እልል ያለችም ነበረች። ይቅር ያሉን መስሎን በደስታ ወደየቤታችን ሄድን። ብሩክታዊት ግን እውነቱ ሳይነገር፣ የጽዳት ሥራዋ ሰዓት ደርሶባት እያለቀሰች ወጥታ ነበር። ብሩክታዊት የጉለሌ ልጅ ናት፤ የሐረገወይን እናት ጎረቤት።

በጨዋ ደንብ ያደገች ልጅ ናትና ለእናትየዋ አልደወለችም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያው ጉለሌ ላለው ለራሷ አጎት ደወለች። አጎቷ ሽማግሌና ጎረቤት ሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ የእናትየዋን በር አንኳኳ። ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። እኛ በሦስተኛው ቀን ስንሰማ ጉለሌ ድንኳኑ ቆሟል።

ሐረገወይን እየጮኸች ደወለች። እናትየዋን ደግፈው ጎረቤት ቤት ወደነበረው ስልክ አመጧቸው። "እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ አልሞትኩም" አለቻቸው። ጆሯቸውን ሰጥተው እስከ መጨረሻው አዳመጡና ለደገፏቸው ሰዎች "የማን ልጅ ናት? ድምጿን አመሳስላ ልታፅናናኝ ነው፤ እግዜር ይስጣት" አሉ። አይፈረድባቸውም። የውጭ አገር ሞት በኛ ዘንድ ይደበቃል። እሳቸው ራሳቸው የሞተን የጎረቤት ልጅ ደህና ነው፣ ደብዳቤ ጽፏል እያሉ ወላጆቹን ሁለት ዓመት ሲያታልሉ ኖረዋል። ያኔ የዋሹት አሁን በራሳቸው የደረሰ መሰላቸው።

ሄዳ እንዳትታይ፣ የጥገኝነት ጉዳይዋ ክሮይደን ባለው የኢሚግሬሽን ቢሮ ገና እየታየ ነው፤ ከወጣች መመለሻ የላትም። ጋሽ ሰይፈ "እኔ እቀርፃታለሁ" አለ። የዕለቱን ጋዜጣ አስይዞ ሃያ ደቂቃ ቀረፃት። የወንድሞቿን ስም ጠራች፣ የልጅነት ጠባሳዋን አሳየች፣ ለመነች። ካሴቱን በሰው ላክን። ጉለሌ ላይ ዴክ ተከራይተው አሳዩዋቸው። እናትየዋ እስከ መጨረሻው አይተው ቲቪውን ሳሙት። "ሳትሞት ያነሷት ነው" አሉ። "አምሮባታል።"

ጋሽ ሰይፈ በሕይወቱ ሁለት ነገር በደንብ ቀርጿል። አንዱን፣ የውሸቱን ለቅሶ፣ ዓለም ሁሉ አመነለት፤ እውነቱን ማመን የነበረባቸው አንዲት እናት ግን አላመኑትም። በሰባተኛው ወር፣ ልጄ ሞታለች እንዳሉ አረፉ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሰይፈ ካሜራ አልነካም። ፊልሙን ቁም ሣጥን አናት ላይ ሰቅሎ ወደ ካውያው ተመለሰ። ከሐረገወይን ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ሳይተያዩ ቀሩ።

ዘንድሮ ኪዲ መጣች። እዚሁ የተወለደች፣ የሐበሻ ፊልም ፌስቲቫል የምታዘጋጅ ልጅ ናት። "ጋሽ ሰይፈ፣ ይሄ እኮ ሂስትሪ ነው፣ ኦነስትሊ" አለችው። "ኦፕኒንጉ ላይ እናሳየዋለን። ብቻ ሊድ አክትረሷ ፎርም ሳይን ማድረግ አለባት፣ ካለዚያ አይሆንም።" ጋሽ ሰይፈ ልቡን ታሟል፤ ሐኪሞቹ ኦፕሬሽኑን አትችለውም ብለውታል። ሐረገወይን የምትፈርመውን ቅጽ ይዞ እኔ ዘንድ መጣ። "አንዴ፣ አንዴ ብቻ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይየው፣ ከዚያ ልሙት" አለኝ። የሚለምነው አጥቶ እኔን ሲለምን ሳየው አንጀቴን በላው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሃርልስደን አብረን ሄድን። ሐረገወይን በሩን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አየችን። ፀጉሯ ሸብቷል። አስገባችን፣ ሻይ አቀረበች።

"አርጅተዋል፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ" አለችው። አንቱ አለችው። ድሮ አንተ ነበር የምትለው።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ፈቃድሽንም ጭምር" አለና ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለቱን ለየብቻ ቢያደርጋቸው ምን ነበር ብዬ በሆዴ ተናደድኩ።

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበች። "ለቅሶው አለበት?"

"አለበት። ያለሱ ፊልሙ ምንም አይደለም።"

"ስንት ሰው ይታያል?"

ጋሽ ሰይፈ ነፍስ ዘራ። "መቶ አሥራ ሁለት! ቆጥሬያለሁ። እማማ አልታየሽ ነፍሳቸውን ይማርና አሉ፣ ካሚል አለ፣ እንዴት እንደሚያለቅስ ብታዪው…"

"መቶ አሥራ ሁለት" አለች ቀስ ብላ። "እናቴ ያረፈች ጊዜ እዚያው አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። የምችለው ኪራይ እሱ ብቻ ነበር። ወንበሩን የደረደረችው ብሩክታዊት ናት፤ እግሬ ላይ ወድቃ እኔ ገደልኳቸው እያለች። ለሁሉም ደወለች። ሦስት ቀን ተቀመጥን። አራት ሰው መጣ። አንዷ ነፍስ ይማር ከማለቷ በፊት ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች፤ ካሜራ አለ ወይ ብላ።"

ጋሽ ሰይፈ ሻዩን አስቀመጠ።

"ያ ሁሉ ሰው የእናቴ ለቀስተኛ ነበር" አለች። "ለሷ የሚመጣውን እርስዎ አስቀድመው ጨረሱት። አልፈርምም።"

"እኔ የቀረሁት አፍሬ ነው" አላት።

"አውቃለሁ። እርስዎን አልጠበቅኩም።"

ቅጹን አንስቶ በአራት አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተው። አልተከራከረም። ለመነሳት የወንበሩን መደገፊያ ሁለት ጊዜ ያዘ፣ ሁለቴም አቃተው፤ ደግፌ አነሳሁት። በሩ ላይ ስንደርስ ሐረገወይን ወደኔ ዞረች።

"አንተን ግን ጠብቄህ ነበር፣ ብርሃኑ።"

አልሰማሁም አልኳት። ሰምቼ ነበር። የእናትየዋን ማረፍ ያኔውኑ ብሩክታዊት ራሷ ደውላ፣ ቃል መጨረስ እስኪያቅታት እያለቀሰች ነግራኛለች። እኔም "ጎበዝ፣ ትወናሽ ከሐረገወይንም ይበልጣል" ብያት፣ እየሳቅሁ ስልኩን ዘጋሁት።