ቢ ታቱና ባለ ሁለት ደረጃው ፎቅ

ቢ ታቱ ምዊንሼሄ ሲስቁም ሲቆጡም ድምፃቸው አንድ ነው። እንግዳ ሰው «እንዴት አደርክ» ሲሉት ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። እኔ ማጎሜኒ ሰፈር፣ በሳቸው ግቢ የጓሮ ክፍል ተከራይቼ ያረጀሁ ሰው ስለሆንኩ ለምጄዋለሁ።

ባላቸው የሞቱባቸው ገና በወጣትነታቸው ነው። ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን አሳድገው የዳሩት ከቤታቸው ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር ተቀምጠው ቪቱምቡዋ እየጠበሱ ነው። የሩዙን ዱቄት በኮኮናት ወተት በጥብጠው፣ ሄል ጣል አድርገውበት፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ብረት ምጣድ ላይ ሲያፈሱት ሽታው ሰፈሩን ከአልጋው ያወርደዋል። ሥራ የሚሄድ ሰው ሁሉ እሳቸው ጋ ቆም ሳይል አያልፍም። ስድቡንም ቪቱምቡዋውንም አብሮ ይወስዳል።

ከጎናቸው ምዜ ኮንዶ ፓዚ ብስክሌት ይጠግናሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ኮፍያቸውን ለእንቅልፍም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱ ቤቶች አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት። ባለቤቶቹ ግን ለዓመታት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም ነበር።

የተጣሉት በኮኮናት ነው። የቢ ታቱ የኮኮናት ዛፍ ወደ ምዜ ኮንዶ ጣሪያ ያዘነበለ ነው። አንድ ቅዳሜ ሲምባና ያንጋ ሲጋጠሙ፣ ምዜ ኮንዶ ሬዲዮናቸውን አቅፈው ያዳምጣሉ። ቡድናቸው ያንጋ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። መቺው ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ አንድ ኮኮናት ቆርቆሮውን በስቶ ገባና ሬዲዮኑን ድምጥማጡን አጠፋው። ቢ ታቱ የሲምባ ደጋፊ ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው በጓሮው አጥር በላይ አንገታቸውን አስግገው፣ ለማጽናናት አስበው ይሁን ለማላገጥ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፣ «ገባ እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

በቃ። ከዚያ ወዲያ የሚነጋገሩት በኔ በኩል ሆነ።

«ስዌዲ፣ ለዚያ ሰውዬ ንገረው» ይላሉ ቢ ታቱ፣ ሰውየው እጃቸውን ቢዘረጉ የሚነኳቸው ቦታ ተቀምጠው ሳሉ። «የጎማ ማጣበቂያው ሽታ ሩዜን ሊያበላሽብኝ ነው በለው።»

«ስዌዲ፣ ለዚያች ሴትዮ ንገራት» ይመልሳሉ ምዜ ኮንዶ ከጎማቸው ቀና ሳይሉ። «ሩዟ ቀድሞም የተበላሸ ነው በላት።»

እኔ ያኔ ዳላዳላ የምንለው ሚኒባስ ሾፌር ነበርኩ። ከጠዋት እስከ ማታ ከተሳፋሪ ጋር ተጨቃጭቄ ስመጣ ቤቴም እንደገና ረዳትነት ይጠብቀኛል።

ከዚያ ፈጣኑ አውቶቡስ መጣ። ለብቻው መንገድ ተሠራለት፣ እኛን ሚኒባሶቹን ከዋናው መንገድ አስወጡን፣ ጣቢያው ደግሞ የት ቢቆም ጥሩ ነው? ልክ ከቢ ታቱ ምጣድ ፊት ለፊት። ቢ ታቱ ለኔ ተቆርቁረው «ወላሂ የዚያን አውቶቡስ ወለል አልረግጥም! የቤቴን ልጅ እንጀራ የበላ ነው!» ብለው ማሉ። ምግባቸውን ግን ለተሳፋሪው ይሸጡለት ነበር። ገበያው ደራ፤ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ብዛት ሁለት መጥበሻ አስጨመራቸው። የምዜ ኮንዶ ሥራም እንዲሁ ደራ፤ ሰው ብስክሌቱን እሳቸው ጋ ጥሎ አውቶቡስ ይሳፈር ጀመር።

ደስታው አልቆየም። አንድ ቀን የከተማው ፕላን ቢሮ ሰፈርተኛውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰበ። ሌቪና የምትባል ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች ወጣት ባለሙያ ትልቅ ካርታ ግድግዳው ላይ ሰቀለች። በጣቢያው ዙሪያ ቀይ ክብ አለ። የኛ ቤቶች ክቡ ውስጥ ናቸው።

«በዚህ ክብ ውስጥ» አለች ሌቪና፣ «ከእንግዲህ መንገድ ዳር የሚሠራ ቤት ሁሉ ከታች ሱቅ፣ ከላይ መኖሪያ ይሆናል። አጥር በመንገዱ በኩል አይኖርም። የእግረኛው መንገድ ላይ መሸጥ አይቻልም። ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ፣ በጥላ ተራምዶ፣ ገዝቶ፣ ቤቱ እንዲገባ ነው የምንፈልገው።»

«መኪና የት ይቆማል?» አለ አንዱ።

«አይቆምም።»

«እኔ መኪና የለኝም፤ ግን ስገዛ የት ላቆም ነው?»

ሰዉ ሳቀ። ቢ ታቱ ብድግ አሉ። «ልጄ፣ መንገዱ ላይ አትሽጡ ካልሽ እሺ፤ ሱቅ እሠራለሁ።»

ሌቪና ካርታዋን አየች። «እናቴ፣ የርስዎ ይዞታ ጠባብ ነው። ለብቻው ፎቅ አይፈቀድለትም። ግን ከጎንዎ ካለው ጎረቤት ጋር ቢቀላቀሉ…»

ጭብጨባ የመሰለ ሳቅ ግቢውን ሞላው። ሌቪና ምን እንደተናገረች አላወቀችም። ቢ ታቱ ወደ ኔ ዞረው፣ «ስዌዲ፣ ለዚህች ልጅ ንገራት። ከዚያ ሰውዬ ጋር የምቀላቀለው መቃብር ውስጥ ነው በላት» አሉ።

ከኋላ ወንበር ላይ ምዜ ኮንዶ፦ «ስዌዲ፣ እዚያም ቢሆን ግድግዳ ይኑረን በልልኝ።»

ደንቡ በወሩ ሥራ ላይ ዋለ። ደንብ አስከባሪዎች መጥተው መንገዱን ጠረጉት። ቢ ታቱ ምጣዳቸውን ግቢ አስገቡ፤ ከጣቢያው የሚወጣ ሰው ግን ጭስ ተከትሎ የሰው ግቢ ድረስ አይገባም። ምዜ ኮንዶ ብስክሌቶቹን መኝታ ቤታቸው ከመሩ፤ ወደ አልጋቸው የሚደርሱት በሦስት ሰንሰለትና በአንድ መሪ ላይ ተረማምደው ነው። ሁለቱም ከሱ። ስድቡ እንኳ ቀዘቀዘ። እኔም መስመሬን አጥቼ ያኔ ጣቢያው በር ላይ ትኬት መቁረጥ ጀምሬ ነበርና በቀን በቀን አያቸዋለሁ፤ አንዱ በበሩ፣ ሌላዋ በበሯ ቆመው ያንን የሚጎርፍ ሰው ዝም ብለው ይመለከታሉ። ያሳዝኑ ነበር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ደላላ አይጠፋም። ሼዳፋ ይሉታል፤ ጫማው ሁልጊዜ አዲስ፣ አንደበቱ ማር ነው። ሁለቱ እንደማይነጋገሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ እሱም አጣርቷል። መጀመሪያ ቢ ታቱ ጋ ገባ።

«እናቴ፣ እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ጎረቤትዎ ሸጡ። ትናንት ተስማምተናል። ብቻዎን ቢቀሩ ይዞታው ለምንም አይሆንም። አሁኑኑ ቢስማሙ ነው የሚሻለው።»

ከዚያ በሌላው በር ወጥቶ ምዜ ኮንዶ ጋ ሄደና ያንኑ ቃል «ጎረቤትዎ ሸጡ» ብሎ ደገመላቸው። ለሁለቱም ያቀረበው ዋጋ የውሻ ቤት አያሠራም።

የሰውየው ስሌት ጥሩ ነበር። የተሳሳተው ቢ ታቱን አለማወቁ ላይ ነው። ቢ ታቱ ደላላውን እንደሸኙ መጀመሪያ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ቀጥሎ ተነሱ። የካንጋ ሽርጣቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ። እኔ ከሥራ ገብቼ እግሬን ስታጠብ ነበርና «ስዌዲ» የሚለውን እየጠበቅሁ ቀና ስል፣ አልጠሩኝም። በቀጥታ ወጥተው የምዜ ኮንዶን በር በቡጢ ደበደቡት።

«አንተ ሽማግሌ! ውጣ!»

ምዜ ኮንዶ ብስክሌቶቹን እያንኳኩ ወጡ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በቀጥታ ስለተጠሩ መሰለኝ፣ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«ይህን ያህል ዘመን ከኔ ጋር ተጣልተህ፣ አሁን ጥለኸኝ ልትሄድ ነው? ደህና ሁኚ እንኳ አይባልም? ነገ አንድ የማላውቀው ሰው መጥቶ ቢያርፍብኝ ማንን ነው የምሰድበው? እንደገና ከሀ ልጀምር?»

«እኔ? የሸጥሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ማን ሸጠ?»

«ያ ባለ ጫማው…»

ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ሼዳፋ ያን ዕለት መንገዱ ማዶ ሻይ እየጠጣ ነበር። እንዴት እንደሮጠ የኔ ምስክርነት አያስፈልግም፣ ጣቢያውን የሞላው ሰው አይቷል። አንዱ አዲስ ጫማው ቦዩ ውስጥ ቀረ። ምዜ ኮንዶ በዚያ ዕድሜያቸው የብስክሌት ፓምፕ ይዘው ሲያሯሩጡት፣ ቢ ታቱ ከኋላ «በግራ በኩል! በግራ በኩል ያዘው!» እያሉ ይመሩ ነበር።

በማግስቱ አብረው ፕላን ቢሮ ሄዱ። አብረው ማለቴ፣ ምዜ ኮንዶ በአንዱ የእግረኛ መንገድ፣ ቢ ታቱ በማዶው። ሌቪና ሲገቡ ስታይ ከወንበሯ ተነሳች።

ተስማሙ ማለት ግን አልተጨቃጨቁም ማለት አይደለም። አንድ ተቋራጭ የላይኛውን ፎቅ ለተወሰነ ዓመት እያከራየ ወጪውን እንዲያወጣ ተዋዋሉና ንድፍ ተጀመረ። መጀመሪያ የተነሳው የደረጃው ነገር ነው።

«እኔ የሱ እግር የረገጠውን ደረጃ አልወጣም» አሉ ቢ ታቱ።

«እኔም እሷ ከፊቴ ስትወጣ ቆሜ አልጠብቅም፤ ወር ይፈጅባታል።»

ሌቪና ግንባሯን ይዛ አሰበች። «ደንቡ ዋና ደረጃ አንድ ነው ይላል። ግን ለእሳት አደጋ መውጫ ሌላ ደረጃ ይፈቀዳል።»

አሁን ደግሞ ማን የአደጋ መውጫውን ይውሰድ? ሁለቱም አደጋ መባል አልፈለጉም። ሦስት ሳምንት ንድፉ ቆመ። መጨረሻ ላይ ምዜ ኮንዶ፣ የአደጋው ደረጃ ወደ ጣቢያው በኩል የቀረበ መሆኑን በእግራቸው ለክተው ሲያረጋግጡ፣ «ለሰላም ስል እኔ እወስደዋለሁ» ብለው የተከበረ ሰው መሰሉ። ቢ ታቱ ነገሩ ሲገባቸው ቀኑ አልፎ ነበር።

ቀጥሎ የኮኮናቱ ዛፍ። ምዜ ኮንዶ መጥረቢያ ስለው ነው የመጡት። ሌቪና ግን በሱቁና በመንገዱ መካከል ለእግረኛ ጥላ የሚሆን ዛፍ ግዴታ ነው አለች፤ ያለው ዛፍ አይቆረጥም።

«ማለትም አሁን ይህ ዛፍ በሕግ ይጠበቃል?» አሉ ምዜ ኮንዶ።

«አዎ አባቴ።»

«የኔን ጣሪያ ሲበሳ ሕጉ የት ነበር?»

ስምምነቱ፣ ቢ ታቱ ኮኮናቱን ሳይበስል እንዲያስለቅሙ ሆነ። በየወሩ ዛፉ ላይ የሚወጣው ሰው ሲመጣ ምዜ ኮንዶ ከታች ቆመው ፍሬ በፍሬ ይቆጣጠራሉ።

ቤቱ ቆመ። ባለ ሦስት ፎቅ ነው፤ ከታች በስተቀኝ የቢ ታቱ የምግብ ሱቅ፣ በስተግራ የምዜ ኮንዶ የብስክሌት ሱቅ። ጠዋት ተሳፋሪው ብስክሌቱን በግራ ያስረክባል፣ ቁርሱን በቀኝ ይገዛል፣ መንገዱን አቋርጦ ይሳፈራል። ሌቪና ካርታዋ ላይ የሳለችው ሰው በአካል ተገኘ ማለት ነው። እኔም ያቺኑ የጓሮ ክፍል የምታክል አንዲት ክፍል ፎቅ ላይ ሰጡኝ፤ ወደ ሥራዬ መንገድ መሻገር ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ሌቪና መጣችና፣ ኪማራ አካባቢ ያሉ ሰዎች ይዞታ ለመቀላቀል እምቢ ስላሉ ሄዳችሁ ንገሩልኝ ብላ ለመነቻቸው። ቢ ታቱ የማሉትን መሐላ አስታውሰው ወደ ኔ አዩ። «የበላው እንጀራ አሁን ትኬት በመቁረጥ ተመልሷል፤ ይሳፈሩ» አልኳቸው። ተሳፈሩ። እኔም አብሬ ሄድኩ። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት በሚለው ሲጨቃጨቁ መውረጃችንን አልፈን፣ በሌላ አውቶቡስ ወደ ኋላ ተመለስን። ስንደርስ ስብሰባው ሊበተን ምንም አልቀረውም።

አንድ ጎልማሳ ሰው ተነስቶ በትሕትና ጠየቀ፦ «እናቴ፣ ከጎረቤትዎ ጋር እንዴት ብለው ነው የተስማሙት?»

«ማነው የተስማማው?» አሉ ቢ ታቱ። «እሱ ደረጃዬን በልቶኛል!»

«በእግሬ ለክቼ ነው የወሰድኩት!» አሉ ምዜ ኮንዶ ተነስተው። «አንቺ ለምን አልለካሽም?»

ሌቪና ፊቷን በእጇ ሸፈነች። የኪማራ ሰዎች ግን መጀመሪያ ተያዩ፣ ቀጥሎ ይስቁ ጀመር። እስከዚያ ድረስ የቢሮው ሰዎች ስለ ወንድማማችነት ሲሰብኳቸው ነበርና፣ ተጣልቶም ፎቅ መሥራት እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም። ፒላው የሚባለው ቅመም የበዛበት ሩዝ ቀርቦልን እስኪመሽ ተጫወትን። በዓመቱ አራት ቤቶች እዚያ ተቀላቅለዋል፤ የሁለቱ ቤቶች ባለቤቶች ወንድማማቾች ናቸው፣ በጠበቃ ነው የሚነጋገሩት አሉ።

አሁን አዲስ ጣቢያ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱን ይጠሯቸዋል። ምዜ ኮንዶ ለዚሁ ብለው ካንዙ የሚሉትን ነጭ ረጅም ቀሚስ አሰፍተዋል። ቢ ታቱ የሚናገሩትን ቀደም ብለው በኔ ላይ ይለማመዳሉ፤ እዚያ ሲደርሱ ግን ሌላ ነው የሚናገሩት።