ምሳ ሰዓት ላይ የምትበራው አረንጓዴ ክብ

ይህን የጀመርኩት እየፈራሁ ነው። እኔ የበር ጠባቂ ነኝ፤ በመዝገብ ላይ የመኪና ታርጋና የእንግዳ ስም ከመጻፍ በቀር ብዕር ጨብጬ አላውቅም። ፊደል ብገድፍ፣ ነገር ባስቀድምና ባስከትል፣ አንባቢ ሆይ ይቅር በለኝ። ታሪኩ የሹፌሩ ነው። እሱ ራሱ ነው ያጫወተኝ። «ጻፈው» ብለው «አንተ ጻፈው፣ ከኔ አንተ ትሻላለህ» አለኝ። ከሁለት ያልተማረ አንዱ መድፈሩ ካልቀረ ብዬ እንግዲህ ገባሁበት።

ሹፌሩ የሰርቪስ ሹፌር ነው። ጠዋት ሠራተኛ ያመጣል፣ ማታ ሠራተኛ ይመልሳል፤ በመሀል ያለው ቀን መጠበቅ ነው። መሥሪያ ቤታችን ሰው ደብዳቤና ሪፖርት የሚጽፍበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሠራል። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ልጆች ለአንዲት ቁልፍ ሲሉ ሳምንት ይከራከራሉ፤ ላይ ትሁን፣ ታች ትሁን፣ ሰማያዊ ትሁን፣ አትሁን። ሹፌሩ ይህን ሁሉ የሚሰማው በመስታወት ነው፤ ማለቴ፣ እሱ መንገዱን እያየ እነሱ ከኋላው ሲያወሩ።

ሚስቱ የሞተችው ልጃቸው አራት ዓመት ሳይሞላት ነው። አባትም እናትም ሆኖ አሳደጋት። ጸጉር መሥራት እንኳ ከጎረቤት ሴት ተምሮ ነበር፤ ልጅቱ ግን «አባዬ የሠራኝ ለታ አንገቴ ወደ ግራ ይዞራል» እያለች ስታሾፍበት ኖረች። ተማረች፣ ተመረቀች፣ ሥራ ያገኘችው ግን በመኪና አንድ ቀን ተኩል የሚያስኬድ ከተማ ነው። ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏል። እሁድ እሁድ ይደዋወላሉ። ስልኩ ግን ለእነሱ አልሆነም። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ብርዱስ፣ ደህና ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ወሬው ያልቅና ሁለቱም ስልኩን ይዘው ዝም ይላሉ።

ልትሄድ ባለች ሰሞን ልጅቱ አንድ ዘዴ ዘይዳ ነበር። ከበሩ አጠገብ በሾፌሮች ክፍል ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያው በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም አንድ ገጽ ከፈተችለት። እሱ እዚህ ሆኖ፣ እሷ እዚያ ሆና፣ ሁለቱም የሚያዩት አንድ ገጽ ነው። አናቱ ላይ «የአባዬና የኔ» ብላ ጻፈችበት። ማታ ያሰብከውን ጠዋት ጻፍልኝ፣ እኔም እጽፍልሃለሁ አለችው። እሱም እሺ አለ።

አልጻፈም። አራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ስለ ነዳጅ የጻፋትን ማስታወሻ አንድ የቢሮ ሰው ጮክ ብሎ አንብቦ አስቆበታል፤ ከዚያ ወዲህ ከፊርማው በቀር ፊደል አይነካም። ልጁ የተማረች ናት፤ ጽሑፉን አይታ እንድታፍርበት አልፈለገም። እሷ መጀመሪያ በየቀኑ ትጽፍ ነበር። ስለ አከራይዋ፣ ስለ አለቃዋ፣ መስኮቷ ሥር ስለሚያለቅስ ድመት። ቀስ በቀስ በሳምንት አንዴ ሆነ። ከዚያ ቆመ። ከግድግዳ ጋር ማን ያወራል?

አንድ ነገር ግን አልቆመም። ገጹ ሲከፈት በቀኝ በኩል ከላይ ትንሽ አረንጓዴ ክብ አለች፤ ውስጧ የልጁ ስም የመጀመሪያ ፊደል። «እሷም ገጹ ላይ አለች» ማለት ነው። ሹፌሩ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን የምሳ ዕቃውን ይዞ ይገባል፣ ገጹን ይከፍታል፣ ክቧ በርታ ትጠብቀዋለች። ዳቦውን ይቆርሳል፣ ድንቹን ይልጣል፣ ዐይኑን ከእሷ ሳይነቅል ይበላል። አንዴ ገብቼ «ብቻህን ነው የምትበላው?» ብለው፣ ሳይዞር «ከልጄ ጋር ነኝ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። እሱ አልሳቀም።

አንድ ማታ ሠራተኛ ሲመልስ፣ ከኋላው የተቀመጡት ልጆች ስለ ክቧ ማውራት ጀመሩ። ተጠቃሚ አይወዳትም፣ ዐይን ትሻማለች፣ በአዲሱ ፕሮግራም ወይ እንለውጣታለን ወይ እናጠፋታለን ይላሉ። ሹፌሩ መታጠፊያውን አለፈው። በሃያ ሁለት ዓመት ስቶት የማያውቀውን መታጠፊያ። «ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ቤት ነው የምናድረው?» ብለው ሳቁበት። እሱ መኪናውን ሲያዞር መሪው በላብ ያዳልጠው ነበር።

ከልጆቹ መሀል ባልደረቦቿ «ጠያቂዋ» የሚሏት አለች። ሥራዋ ሰው ፕሮግራሙ ፊት አስቀምጣ፣ የቱ ጋ ግራ እንደሚገባው እያየች መጻፍ ነው። የተማረውንም ያልተማረውንም ትፈልጋለች። ሹፌሩን ሦስት ጊዜ ለምናው ሦስቴም «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሏታል። በማግስቱ ግን ከመኪና ስትወርድ ጠበቃትና፣ እፈተናለሁ አላት። ክቧን ከመጥፋት ሊያስጥል ነው የገባው። ሌላ ምንም አልፈለገም። ሆኖም ይህን አልነገራትም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ። የደረሰው በምሳ ሰዓት ነበር። ጠያቂዋ ለሁሉም የምትለውን አለችው፤ የምንፈትነው ፕሮግራሙን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም፤ ቢሳሳቱ ጥፋቱ የኛ ነው። ይህን ሲሰማ ትንሽ ተነፈሰ። ቀጥላ ደግሞ፣ የሚያስቡትን ሁሉ እያሰቡ ጮክ ብለው ይናገሩ አለችው።

«ብቻውን የሚያወራ ሹፌር መኪና ላይ ማን ይሳፈራል፣ ልጄ?» አላት።

ሳቀች። እሱም ሳቀ። መጀመሪያ ቀላል ነገር አሠራችው፤ ይህን ገጽ ይፈልጉ፣ ያንን ይዝጉ። ማውሱን እንደ ማርሽ ጨብጦ ይነዳዋል፤ አንዳንዱን አገኘ፣ አንዳንዱን አጣ። ከዚያ፣ የራስዎ ገጽ ካለዎት በአዲሱ ፕሮግራም ይክፈቱት አለችው። ከፈተው። «የአባዬና የኔ» የሚለው መጣ። ጠያቂዋ አነበበችው።

ክቧ አለች። አረንጓዴ ግን አይደለችም፤ አመድ ሆናለች። ከሥሯ ደቃቅ ጽሑፍ አለ። ሹፌሩ ጣቱን ፊደሉ ላይ እያስሄደ ቀስ ብሎ አነበበው። «ለመጨረሻ ጊዜ የነካችው ከዘጠኝ ቀን በፊት።»

ምን ማለት ነው አላት። ጠያቂዋ አስረዳችው፤ በድሮው ፕሮግራም ክቧ የምትበራው ገጹ የሆነ ኮምፒውተር ላይ ክፍት ሆኖ ከቆየ ነው፤ ሰውየው ወንበሩ ላይ ይኑር አይኑር አትለይም። ብዙ ሰው ገጹን ከፍቶት ይረሳዋል። አዲሱ ግን እጅ ካልነካው ክቧን ያደበዝዛታል።

ሹፌሩ ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ ቆጠረ። የዘጠኝ ቀን ምሳ። ባለፈው ማክሰኞ ሳል ይዞት፣ ክቧን እንዳይረብሽ ፊቱን አዙሮ ነበር የሳለው። በልጁ በኩል የነበረው ሰው የሌለበት ቢሮና የበራ ስክሪን ነበር ማለት ነው። ጠያቂዋ ልታጽናናው አልሞከረችም። ሥራዋ ያስተማራት ይመስለኛል፣ ጠበቀችው። እሱም እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ለመደው ክቧን እያየ ተቀመጠ። ደቂቃው ሄደ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር አየ። ከልጁ ክብ አጠገብ ሌላ ክብ አለች፤ የራሱ ናት። እሷም እያየ አመድ ሆነች።

«ይቺ ምን ሆነች? እኔ እዚህ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት፣ ጋሼ። አልነኩም እንጂ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው እጅ ሲነካው ብቻ ነው።»

«ዐይንስ?»

«ዐይን አያውቅም።»

ልጄም የኔን ክብ ታያለች ማለት ነው ብሎ ጠየቃት። አዎ አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታያት ኖራለች፤ ግን ከፍቶ ረስቶት ይሁን፣ ተቀምጦ ይሁን፣ በምን ትወቀው? ሹፌሩ ዝምታ ወርቅ ነው እያለ ያደገ ሰው ነው፤ ወርቁን ለካ ማንም አያየውም ኖሯል። ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ምናልባት ልጅቱም እንደሱ ናት። ምናልባት በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት እጇን አጣጥፋ፣ አንዲት ክብ እያየች ምሳዋን በልታ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ እሱን ያቃጠለውም ይኸው ነው።

ጠያቂዋ ወረቀቷ ላይ ያለችውን የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቀችው፤ የድሮዋ ክብ ትሻላለች ወይስ አዲሷ? ሌሎቹ ምን አሉ አላት። አብዛኞቹ አዲሷን አለችው።

ያቺን ክብ ሊያስጥል የመጣ ሰው ውሃውን አንስቶ ጠጣ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«የድሮዋ ትቅር፣ አታላኛለች። ግን ልጄ፣ የመንገድ መብራት እንኳ ከአረንጓዴ ዘሎ ቀይ አይሆንም፣ መሀል ላይ ቢጫ አለው። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ቢጫ ስጡት። ሄዷል አትበሉት።»

ጠያቂዋ ጻፈችው። ያንን ወረቀት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳ ላይ ለጥፋው አይቻለሁ፤ ይሠሩታል አይሠሩትም፣ እኔ አላውቅም። መወሰኑ የኔ አይደለም፣ እናገርልዎታለሁ ብላው ነበር። ያን ማታ ሠራተኛውን ሲመልስ መታጠፊያውን አልሳተም።

በማግስቱ፣ ገና ሳይነጋ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ። መኪናውን ለመውሰድ የሚመጣው ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ ከፈትኩ። ደህና አደርክ አለኝና ሾፌሮች ክፍል ገባ። ኮምፒውተሩን አበራ። በድሮው ፕሮግራም ነውና ክቧ አረንጓዴ ሆና ተቀምጣለች፤ አላመናትም፣ አልተቆጣትምም። መነጽሩን አጠለቀ፣ አንዲት ጣቱን ዘረጋና ፊደል ፍለጋ ጀመረ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየዋለሁ፤ አንዱን ፊደል ይነካል፣ ቀና ብሎ ያያል፣ ይሰርዛል፣ እንደገና ይነካል። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ሲጨርስ ጠራኝና፣ ስህተት ካለው ንገረኝ አለኝ። ስህተት ነበረው። የለውም አልኩት።

«ልጄ አባትሽ ነኝ። በየቀኑ እዚ ነበርኩ። ምሳ የምትበይው ስንት ሳአት ነው» ይላል።

መልስ ልጠብቅ አላለም። መነጽሩን ኪሱ ከተተ፣ ወጣ፣ የመኪናውን ጎማ በእግሩ መታ መታ አድርጎ አየ፣ ሞተሩን አስነስቶ ሠራተኛ ሊያመጣ ሄደ።