እናትየዋን የገደሉበት ፊልም

ባሏ ዘመነ ለአጨዳ ብሎ ሑመራ ወርዶ፣ እዚያው ሌላ ሚስት አግብቶ ሲቀር እንኳ ዝናሽ እንዲህ አልተቃጠለችም። ያን ሰሞን አለቀሰች፣ ልብሱን አጣጥፋ ለወንድሙ ላከች፣ ከዚያም ሰቆጣ ውስጥ ወደምታስተምርበት አጸደ ሕፃናት ተመልሳ ልጆቹን «ሀ ሁ» አስባለች። ጎረቤቱ ሁሉ «አንጀተ ጠንካራ ናት» አላት፤ እሷም አመነች። ቅናት ምን እንደሆነ ያወቀችው ከዓመታት በኋላ፣ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ለሃና ካከራየች ወዲህ ነው።

ዝናሽ አንዲት ልጅ አለቻት፣ መስታወት የምትባል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እናትና ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም የማየት ልማድ ነበራቸው። መስታወት ከገበያው ዳር ካለው ሱቅ ፍላሽ ላይ አስጭና ትመጣለች፤ ዝናሽ ሽምብራ ትቆላለች፤ ከዚያ አሮጌዋ ቴሌቪዥን ፊት እግራቸውን በአንድ ጋቢ ሸፍነው ይቀመጣሉ። የሚመርጡት የቤተሰብ ፊልም ነው። ዝናሽ ተኩስ ያለበትን አትወድም፤ «በጆሯችን የሰማነው ይበቃናል» ትላለች። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባት መስታወት ናት የምትተረጉምላት። አስቂኝ ሰው ሲመጣማ አማርኛውን ትታ በኽምጣና፣ በአያቷ ቋንቋ ታናግረዋለች። ከረባት ያሰረው ፈረንጅ የሰሃላ ገጠር ሽማግሌ ሆኖ ስለጠፋች ፍየሉ ሲያማርር፣ ዝናሽ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ፊልሙ ሲያልቅ ደግሞ ፍርድ አለ።

«አባትየውን ገና ሲገባ ነው የጠላሁት» ትላለች ዝናሽ።

«እማ፣ መጨረሻ ላይ እኮ ይቅርታ ጠየቀ።»

«ይጠይቃ! ወንድ ይቅርታ የሚጠይቀው ሲደክመው ነው።»

ሃና የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ከፍኖተ ሰላም ተመድባ ነው የመጣችው። ቀኑን ሙሉ በየገጠሩ ከብት ስትከትብ ውላ፣ ፊቷ በአቧራ ቀልቶ ትገባለች። ታጥባ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ፣ ላፕቶፗን ትከፍታለች። ላፕቶፑ ውስጥ የፊልም መዓት አለ። አንድ ቀን መስታወት ውሃ ልትሰጣት ጀሪካን ይዛ ገባች፤ የወጣችው ጨልሞ ነው።

«ምን ስትሠሪ ነበር?» አለች ዝናሽ።

«ሃኒ ፊልም እያሳየችኝ ነበር።»

ሃኒ! ሴትዮዋ ከመጣች ገና ወር አልሞላትም፤ ስሟ አጥሮላታል። ዝናሽ ወጡን አማሰለች፣ ማማሰል በማያስፈልገው ሰዓት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜው እየሳሳ ሄደ። መስታወት ከእናቷ ጋር ትቀመጥና፣ ጆሮዋ ግን ጓሮ ነው። «ይሄንን እኮ ከሃኒ ጋር አይቼዋለሁ» ትላለች መሀሉ ላይ። ወይም ደግሞ «ሃኒ እንዳለችው፣ የድሮው ነበር የሚሻለው፤ አሁን ሲሠሩት ቀለም ብቻ አበዙበት» ትላለች። ዝናሽ ሽምብራዋን ትቆረጥማለች። «ሃኒ እንዳለችው» በተባለ ቁጥር ጥርሷ ሥር ጠጠር የገባባት ይመስላታል።

ሃና ራሷም ዝናሽን ልትጠራት ሞክራ ነበር። «እትዬ ዝናሽ፣ ዛሬ ጥሩ ፊልም አለ፤ ለምን አብረን አናይም?» አለቻት አንድ ቀን ከበሩ ቆማ።

«ዓይኔን ያመኛል፤ የዚያ የላፕቶፕ ብርሃን አይስማማኝም» አለች ዝናሽ። ሃና እንደሄደች ወደ መስኮቱ ተጠግታ መስማት ጀመረች። ከሁሉም የባሰባት ያን ቀን ነው። መስታወት ድምጿን አወፍራ በኽምጣና ስታወራ፣ ሃና ትርጉሙን ሳታውቅ በሳቅ ስትፈርስ ሰማቻት። የሰሃላው ሽማግሌ ከነፍየሉ ጓሮ ተሻግሯል። ዝናሽ መስኮቱን ዘጋች። ባሏ ሲሄድ ራሱን ብቻ ይዞ ነው የሄደው፤ ይቺ ግን ከግቢው ሳትወጣ ቤቷን እየወሰደችባት ነው።

በሳምንቱ እራት ላይ መስታወት አፏ በእንጀራ ተሞልቶ ማውራት ጀመረች። ሰዎችን በጀልባ ወንዝ የሚያሻግሩ ባልቴትና ልጇን የሚያሳየውን አሮጌ ፊልም ዝናሽ አልረሳችውም፤ አብረው አይተው አብረው ያለቀሱበት ነው። ለካ እንደ አዲስ ተሠርቷል።

«ሃኒ ጋ ግማሹን አየነው፤ በጣም ለውጠውታል» አለች መስታወት። «እናትየዋ መጀመሪያ ላይ ትሞታለች።»

ዝናሽ ጉርሻዋን ያዘች። «ትሞታለች? ምን አድርጋ?»

«ምንም አላደረገችም፣ ትታመማለች። ከዚያ አንዲት ወጣት ከሩቅ አገር ትመጣና ልጅቷን ታሳድጋታለች። ይሄኛው ሳይሻል አይቀርም፤ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል።»

«እናትየዋን ገድለው ነው ቶሎ የሚሄደው?»

«እማ ደግሞ! ፊልም እኮ ነው።»

ዝናሽ እጇን ታጠበች። 

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ መስታወት ነጠላዋን አልጋ ላይ ጥላ ቀሪውን ልታይ ወደ ጓሮ በረረች። ብዙም ሳይቆይ ሳቃቸው ተሰማ። ዝናሽ በግቢው ወዲያ ወዲህ አለች። የደረቀ ልብስ ነካካች። ከዚያ እግሯ ራሱ ወሰዳት መሰለኝ፣ ቆጣሪው ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር ደረሰች፤ እጇን ዘርግታ የመብራቱን ባልቦላ አወረደችው። የሃና ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ስለሆነ ያለመብራት አይሠራም፤ ይህንን ዝናሽ በደንብ ታውቃለች። ሳቁ ቀጥ አለ።

«ኤጭ! ደግሞ ሄደ?» አለች ሃና እየወጣች። መስታወት ተከተለቻት።

ዝናሽ ከግድግዳው ፈቀቅ ብላ፣ «ምን ይደረግ፣ የሰቆጣ መብራት!» አለች።

ችግሩ የጎረቤቱ የወንዳወቅ ወፍጮ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ወፍጮ፣ ከአጥሩ ማዶ የሰው ማሽላ እየፈጨ እሑድም ሳያርፍ ይጮኻል። ሦስቱም ሰሙት። መስታወት ወፍጮውን አዳመጠች፣ እናቷን አየች፣ ቆጣሪውን አየች። አንዲት ቃል ሳትናገር ሄዳ ባልቦላውን መለሰችው። ከዚያ ወደ ሃና ክፍል አልተመለሰችም፤ ወደ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሃናም መሬት መሬት እያየች በሯን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ «አቤት» እና «እሺ» ብቻ ሆነች። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጠዋት፣ ጫማዋን እያሰረች፣ «ሃኒ ሌላ ቤት እየፈለገች ነው። እንኳን ደስ ያለሽ» ብላ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች።

ዝናሽ በእውነትም ደስ አላት። ደስታው ግን እስከ ምሳ አልዘለቀም። መስታወት ስትስቅ የሰማችው መቼ እንደነበር ልታስታውስ ስትሞክር፣ የመጣላት የጓሮው ሳቅ ብቻ ሆነ። ሃና ከገጠር እስክትመለስ ጠብቃ ሄዳ አንኳኳች።

«ባልቦላውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ቀንቼ ነው። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአንቺ፣ በልጅ!»

ሃና እጇን በፎጣ አደረቀች። «መቅናትዎን ቀድሞም ጠርጥሬ ነበር» አለች። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ትንሽ ደስ ብሎኛል። እናቴ ስደውልላት እንኳ ‹ካርድሽን አትጨርሺ› ብላ ቶሎ ነው የምትዘጋው። እኔ ላይ የሚቀና ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። መብራቱን ሲያጠፉብኝ ግን አፈርኩ፤ ሌባ የሆንኩ ነው የመሰለኝ።»

ዝናሽ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ቤት አትፈልጊ» አለች። «ያንን ፊልም አሳይኝ። እናትየዋን እንዴት አድርገው እንደገደሏት በዓይኔ ልየው።»

ሃና ሳቋ አመለጣት።

ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑን ወደ ትልቁ ቤት አመጡት። ዝናሽ መሀል ተቀመጠች፤ ሆን ብላ ነው፣ ማንም አልተከራከራትም። መስታወት መጀመሪያ እንደ ጠበቃ ተኮሳትራ ትተረጉም ነበር፤ እናትየዋ ልትሞት ስታጣጥር ዝናሽ፣ «ይቺ ናት የታመመች? ጉንጯን እዩት፣ ትናንት ከሠርግ የመጣች ነው የምትመስለው!» ስትል ግን ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ዝናሽ በዚያው ቀጠለች። ወጣቷ አሳዳጊ መቅዘፊያውን የያዘችው እንደ ማንኪያ ነው አለች፤ ወንዙም የድሮውን አያህልም። መጨረሻው ላይ ግን ልጅቷ ብቻዋን ጀልባውን ስትገፋ፣ ዝናሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ነካ አደረገች።

«እሺ፣ ፍርድ!» አለች መስታወት።

«የድሮው» አለች ዝናሽ። «በምንም መንገድ የድሮው።»

«ለእኔ አዲሱ» አለች ሃና። «በድሮው እናትየዋ ለቅሶ ታበዛለች።»

ሁለቱም ወደ መስታወት ዞሩ። ልጅቷ ጋቢውን ጎተት አድርጋ አሰበች። «እኔም አዲሱ» አለች።

የዝናሽ ቅናት አላለቀም ነበር። ሽምብራውን አንስታ ለሃና አቀረበችላት፤ ሃና ስትዘግን እያየቻት፣ «እስኪ ሌላ ክፈቺ» አለች፣ «እናት የማትሞትበት።»