የእናቴን ጉርሻ እምቢ ያልኩ ቀን

ወገኖቼ፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። መጋቢ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። መመስከር እንደምፈልግ ስነግራቸው «ስለ ምን?» አሉኝ። «ስለ ሆዴ» አልኳቸው። ሳቁ። እናንተም መሳቅ ትችላላችሁ፤ እኔ ግን እዚህ የቆምኩት ለቀልድ አይደለም። ሰው ከመጠጥ ወጣሁ፣ ከጫት ተላቀቅሁ ብሎ ሲመሰክር እልል እንላለን። ከሞላ ትሪ ላይ ተነሣሁ ብሎ የመሰከረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እንግዲያው እኔ እጀምራለሁ። ክብር ለጌታ ይሁን።

ለማታውቁኝ፣ እዚሁ ሸኮ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት ሚዛን ነው። እናቴ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። አባቴ ሹፌር ነበር፤ የሞተው በስኳር በሽታ ነው። መጀመሪያ እግሩ ተቆረጠ፣ ከዚያ ብዙም አልቆየም። ይህቺን ያዙልኝ።

እኔ ሥርዓት የምወድ ሰው ነኝ። የትምህርት ዕቅዴ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም። ጌታን ሳላውቅ በፊት ግን ሌላም ዕቅድ ነበረኝ። በአንድ ደብተር ላይ በየወሩ የማን ቤት ምን ድግስ እንዳለ እጽፍ ነበር። አገራችንን ታውቋታላችሁ፤ የማይኖርባት ሕዝብ የለም። የኦርቶዶክሱ ማኅበር አለ፣ ክርስትና አለ። የሙስሊሙ ኢድ አለ። ካቶሊኩም ጴንጤውም ልጁን ይድራል። ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ደግሞ ከተማሪዎቼ ወላጆች ቤት ግብዣ አይጠፋም። አንዱ ጋ ክትፎ በቆጮ ነው፣ አንዱ ጋ ጎደሬ በሥጋ ወጥ፣ አንዱ ጋ ከማሻ የመጣ ነጭ ማር። እኔ የሁሉንም በዓል አከብራለሁ፣ የማንንም ጾም አልጾምም። የሒሳብ መምህሩ ጓደኛዬ ታምራት «የሃይማኖት መቻቻል የሚባለውን ነገር በሆድህ ያሳየኸን አንተ ነህ» ይለኝ ነበር። እየሳቅሁ እበላለሁ፤ እየበላሁ እስቃለሁ።

ስወፍር ሰው አመሰገነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ። «ቲቸር ተመቸህ፣ ሸኮ ተስማማህ፣ አማረብህ።» ሱሪዬ አልዘጋ ሲለኝ ልብስ ሰፊው «ይሄ እኮ የጤና ነው» ብሎ ወገቡን አሰፋልኝ። በስድስት ወሩ እንደገና አሰፋልኝ። በሦስተኛው «የሚለቀቅ ጨርቅ የለም፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። በዚህች ከተማ ውስጥ ልክ አልፈሃል ያለኝ ብቸኛ ሰው እሱ ነው፤ እሱም የተናገረው ስለ ሱሪው ነው።

ከዚያ ውኃ ጥሙ መጣ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ ሽንት ቤት እሮጣለሁ፤ ተማሪዎቹ እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። ከኋላ ወንበር ሆኜ ሰሌዳው ላይ ራሴ የጻፍኩትን ማንበብ አቃተኝ። በክረምቱ ጭቃ ያደረግሁት ቦት ጫማ የእግሬን ጣት ላጠኝ፤ ቁስሉ ሳምንት ቆየ፣ ወር ቆየ፣ አልድን አለ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሲስተሯ ጣቴን ወጋችና ማሽኑን አየች። እንደገና ወጋችኝ፣ እንደገና አየች። «ሥራህ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መምህር ነኝ።»

«የምን?»

«የባዮሎጂ።»

«እሺ፣ አስተምረኛ። ቆሽት ምን ይሠራል?»

እኔ ደግሞ አስረዳ ከተባልኩ ማቆም አልችልም። ምግቡ እንዴት ወደ ስኳርነት እንደሚለወጥ፣ ኢንሱሊን እንዴት ለስኳሩ በር እንደሚከፍትለት፣ በሩ ካልተከፈተ ስኳሩ ደም ውስጥ ተከማችቶ ዓይንን፣ ኩላሊትን፣ እግርን እንዴት እንደሚጎዳ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ነገርኳት። ጨርሼ ዝም ስል «ጎበዝ» አለችኝ። «አባትህ አሉ?»

«ሞቷል።»

«በምን?»

«በስኳር።»

ብዕሯን አስቀመጠች። «ስማኝ ወንድሜ። ኪኒን እሰጥሃለሁ። ኪኒኑ ግን ብቻውን አይችልህም። አፍህን ካልያዝክ ይህን እግር ይዘህ ብዙ አትሄድም።»

እንዲህ ሲባል ሰው የሚፈራ ይመስላችኋል። ፈርቼም ነበር፤ እስከ ቅዳሜ። ቅዳሜ ክርስትና ነበረ። «ዛሬ ትንሽ ነው የምበላው» አልኩ። ባለቤቲቱ ቆማ «በሞቴ» አለችኝ። እናቷ «አፈር ስሆን» አሉኝ። አባትየው «ምነው ቲቸር፣ ቤታችንን ናቅኸው?» አለ። በላሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ እነሱ አስገድደውኝ አይደለም። ልቤ «በሞቴ» የሚለኝ ሰው ሲጠብቅ ነው የዋለው። ጥፋቱን በሌላ ሰው አፍ እያስወራሁ በራሴ እጅ እበላ ነበር። ሆዴ ጌታዬ ነበረ፤ እንዲህ ያለ ጌታ ደግሞ ለባሪያው ምክንያት አያጣለትም።

ወደዚህ ቤተ ክርስቲያንም የመጣሁት በዚያው ደብተር ተመርቼ ነው። አትቀየሙኝ። «ኮንፈረንስ፣ ሦስት ቀን፣ ምሳ አለ» ብዬ ጽፌ ነበር። በሁለተኛው ቀን ምሳ ሰዓት እዚህ ጓሮ ተሰለፍኩ። በላሁ። ከሌላ ወገን ዞሬ እንደገና ተሰለፍኩ፤ በላሁ። ሦስተኛ ስሰለፍ ድስቱ ተራቁቶ ነበር። የሚያወጡልን እማማ አስካለች ነበሩ፤ ያው እዚያ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጠዋል። እማማ፣ ይቅርታ፣ ሳላስፈቅድዎት ነው የምናገረው። ሳህኔን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ ከጠረጴዛው ሥር በሌላ ሳህን የተከደነ ምግብ አወጡና ሰጡኝ።

«እማማ፣ ይሄ የማነው?» አልኳቸው።

«የማንም አይደል። ብላ ልጄ፣ አንተ ከሩቅ መጥተህ ይሆናል።»

ከሩቅ አልመጣሁም፤ ቤቴ ከዚህ አምስት ደቂቃ ነው። ተቀብዬ በላሁ። የመጨረሻውን ጉርሻ ስጎርስ ወደ ማድ ቤቱ ዞር አልኩ። እማማ አስካለች ድስቱን በአንድ እጃቸው ዘንበል አድርገው፣ ከሥሩ ያረረውን በማንኪያ እየፋቁ ይበሉ ነበር። ከንጋት ጀምሮ ሲያበስሉ የዋሉ ሴት ናቸው። ምሳቸውን ሦስተኛ ሳህን አድርጌ የበላሁት እኔ ነኝ።

ወገኖቼ፣ ሲስተሯ ያልሰበረችው ነገር እዚያ ተሰበረ። ሳህኑን መሬት አስቀምጬ ከማድ ቤቱ ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ገባሁ። ጸሎት አላውቅም ነበር። ያልኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ኢየሱስ ሆይ፣ ሆዴን ንጉሥ አድርጌዋለሁ። እኔ ላወርደው አልቻልኩም፣ አንተ አውርደው።» ከሰዓት በኋላ ሰባኪው የተናገረውን አንድ ቃል አልሰማሁም። ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሣ ሲሉ ግን አነሣሁ። ጌታ ይባረክ። ለእንጀራ የመጣሁትን የሕይወት እንጀራ አበላኝ። ሃሌሉያ።

አሁን ደግሞ እንዳታጨበጭቡ፣ ገና ነው። ጌታ ከኃጢአት በአንድ ቀን አዳነኝ፤ ከትሪ ግን በአንድ ቀን አላነሣኝም። ደብተሩን ቀደድኩት። አንድ ሳህን ብቻ እበላለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ወደ ትምህርት ቤት በባጃጅ መሄድ ትቼ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በየቀኑ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ወጥ ሲሸተኝ እቆማለሁ፣ «አንተ አሁን ንጉሥ አይደለህም» እለዋለሁ ሆዴን፣ መንገድ ላይ፣ ጮክ ብዬ። እብድ ነው ያሉኝም አሉ።

መክሳት ስጀምር ደግሞ ወሬው ተነሣ። ታምራት ለብቻዬ ጠርቶ «ሰው ምን እንደሚል ታውቃለህ? ያ በሽታ ይዞታል እያሉ ነው» አለኝ።

«ስታመም አማረብህ ብላችሁኛል፤ ስድን ነው የታመምኩት?» አልኩት።

«እኔ አላልኩም።»

«እንግዲያው ላሉት ንገርልኝ።»

ከእኛው ውስጥም አንድ ወንድም «ጌታ ከፈወሰህ ኪኒኑን ለምን ትውጣለህ? እምነትህ የት አለ?» ብሎኛል። «አንተ መነጽርህን አውልቅና ከመጽሐፍ ቅዱስ አንድ ምዕራፍ አንብብልኝ፤ ከዚያ ስለ እምነት እንነጋገራለን» አልኩት። ኪኒኔን እወስዳለሁ። የሰጠችኝ ሲስተር እጅ ላይ የጌታን እጅ አይቻለሁ። በእኔ ምስክርነት ምክንያት መድኃኒቱን የሚጥል ሰው ቢኖር፣ ምስክርነቴን አልሰማም ማለት ነው።

ትልቁ ጦርነት ግን ከእናቴ ጋር ነበር። ፋሲካ ሚዛን ወረድኩ። እናቴ ሁዳዴን ሙሉ የጾመች ሴት ናት። እኔ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ብዙ አልቅሳለች፤ ከቤት ግን አላባረረችኝም። በር ላይ ስታየኝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ልጄን ጨረሱት» አለች። ጎረቤቶች ተቀምጠዋል። ዶሮው ቀረበ፣ የበጉ ጥብስ ቀረበ። አንድ ሳህን በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጣት። እጄን ልታጠብ ስነሣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ፊቴ ቆመች።

«በቃኝ እማዬ።»

«በሞቴ።»

«በቃኝ።»

«ሃይማኖትህን ቀየርክ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ እጄንም ተጸየፍከው?»

እጇ እንደተዘረጋ ነው፤ መረቁ በጣቶቿ መካከል ይወርዳል። ወገኖቼ፣ ያን ጉርሻ ብበላ አልሞትም ነበር። አውቃለሁ፣ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ግን ያን ጉርሻ ብበላ ከዚያ ቀጥሎ ላለው ሁሉ በሩን እከፍታለሁ፤ ይህንንም አውቃለሁ። «እማዬ» አልኳት፣ «አባዬን እስከ መጨረሻው ያጎረስሽው በፍቅር ነው። እግሩ ከተቆረጠ በኋላም ደክሞታል ብለሽ አጎረስሽው። እኔን እንዲያው ውደጂኝ፤ አታጉርሺኝ። ሞትሽን አትጥሪብኝ። አንድ ሰው ሞቶልኛል፣ ይበቃኛል።»

ጉርሻውን ወደ ትሪው መለሰችው። ወደ ጓዳ ገባች። አንዲት ጎረቤት «አንተ ድንጋይ» አለችኝ። ልክ ናት፣ ያን ቀን ድንጋይ ሆኜ ነበር። በመኪናው መስኮት ሚዛንን እያየሁ እስከ ሸኮ አለቀስኩ። ግን አልጎረስኩም። ጌታ ይመስገን፣ አልጎረስኩም።

እናቴ ለአራት ወር ስልኬን አላነሣችም። በእነዚያ ወራት እማማ አስካለች በየሳምንቱ ከእኔ ጋር ተንበርክከው ጸልየዋል። እኔ ስለ ስኳሬ ስጸልይ እሳቸው «እናትየውን አስባት» ይሉ ነበር። ቁስሌ ደረቀ። ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ስሄድ ሲስተሯ ማሽኑን አንድ ጊዜ ብቻ አየችና «በዚሁ ቀጥል» አለችኝ። የኪኒኑንም መጠን ቀነሰችልኝ። ሃሌሉያ።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ ምሳ አለ። አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ አንድ ሳህን እበላለሁ። ሁለተኛ የሚያወጣልኝ ሰው እምቢ እለዋለሁ፣ ሽማግሌም ቢሆን። እህቶቼ፣ ሰውን ማብላት መልካም ነው፤ እኛ የምንታወቅበት ነው። ግን በቃኝ ያለን ሰው እመኑት። ከእናንተ መካከልም እንደ እኔ ሆዱ ጌታው የሆነ አለ። አፍሮ ዝም ብሏል፣ ምክንያቱም ይህን ኃጢአት ማንም ስሙን አይጠራውም። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ጥራው። ከመብላትህ በፊት ለኢየሱስ ንገረው። ወደ ጤና ጣቢያውም ሂድ። ስትወድቅ ተነሥተህ እንደገና እምቢ በል። እኔን የረዳኝ አንተን አያልፍህም።

ሐሙስ ዕለት፣ ትምህርት ቤት ደጅ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሰላምታ የለም፣ እንዴት ነህ የለም። «እሑድ ሳምንት ትመጣለህ?» አለችኝ።

«እመጣለሁ እማዬ።»

ከኋላዋ የምግብ ቤቱ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል።

«ምን ልሥራልህ?» አለችኝ።

በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ እናቴ ይህን ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው። ሁልጊዜ ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ ታጎርሳለች እንጂ ጠይቃኝ አታውቅም። «ጎመን» አልኳት፣ «ጎመንና ትንሽ ቆጮ።»

«ምን ያህል ቆጮ?»

«መዳፍ የምታህል።»

«በእኔ መዳፍ ነው በአንተ?»

«በአንቺ እማዬ» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።